የግንበኛው መንገድና የአናጢው ምሳ

በእንግሊዝ አገር ደቡብ ጠረፍ፣ ባሕሩ ከነጭ ገደል ጋር እየተላተመ በሚመለስበት ዳርቻ፣ ኢስትበርን የምትባል ከተማ አለች። ጡረታ የወጡ ሰዎች የባሕር አየር ሊቀበሉ የሚሰባሰቡባት ረጋ ያለች ከተማ ናት። በዚያች ከተማ አንድ ግንበኛ ይኖር ነበር። ስሙ በፍርድ ቤት መዝገብ ሰፍሯል፤ እኛ ግን ግንበኛው እያልን እንሂድ፤ ለወጋችን የሚያስፈልገን ሙያው ነው። ዘመኑ 1960ዎቹ አልቀው 1970ዎቹ የሚጀምሩበት ነው። ዛሬ የማወራችሁን የእንግሊዞች ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ያዙልኝ።

ግንበኛው ደመወዝተኛ አልነበረም። የራሱ ጌታ፣ የራሱም ሎሌ ነበር። ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ሥራ እየተቀበለ በእጅ ዋጋ ይገነባል። ተቋራጩ ሥራ ሲያገኝ ወደ ኢስትበርን ብቅ ይልና ግንበኛው ቤት ቁጭ ብለው ይዋዋላሉ። «እዚህ ቦታ ይህን ያህል ግድግዳ አለ፤ በስንት ትይዘዋለህ?» ይባባላሉ፤ ይከራከራሉ፤ ይስማማሉ። ከዚያ በኋላ ግንበኛው ውሃ ልኩንና ቱምቢውን መኪናው ላይ ይጭናል፣ ሁለት የሥራ ጓደኞቹን በየመንገዱ ያነሳል፣ ሦስት ሆነው ጉዞ ነው። አንዱ ቦታ ጥቂት ሳምንት ሠርተው ሲጨርሱ ሌላ ቦታ ይቀጥላሉ። አንዳንዱ ሥራ ቅርብ ነው፤ አንዳንዱ እስከ 55 ማይል ይርቃል፤ በእኛ አለካክ 88 ኪሎ ሜትር ግድም መሆኑ ነው። ማታ ሲመለስ መሣሪያውን ቤቱ ያስቀምጣል፤ ሂሳቡንም የሚጽፈው እዚያው ቤቱ ነው። ሌላ ቢሮ የለው፣ ሌላ መጋዘን የለው።

ጠቡ የመጣው ከመኪናው ነው። መኪና ቤንዚን ይጠጣል፣ ጎማ ይጨርሳል፣ ዘይት ይለወጥልኝ ይላል። ዓመቱ ሲዘጋ ግንበኛው ከቤቱ እስከ ግንባታ ቦታው ለተመላለሰበት ያወጣውን ወጪ ከገቢው ላይ ቀነሰና «ግብሬን በተረፈው ላይ አስሉልኝ» አለ። ግብር አስገቢው መሥሪያ ቤት «አይሆንም» አለው። የመሥሪያ ቤቱ ሐሳብም መናቅ የለበትም። ሰው ሁሉ ጠዋት ከቤቱ ወጥቶ ሥራ ይገባል፤ ማታ ከሥራ ወጥቶ ቤቱ ይገባል። የባንክ ጸሐፊው የባቡር ትኬቱን ከግብር አያስቀንስም። አስተማሪዋም የአውቶቡሷን አታስቀንስም። ታዲያ ግንበኛው ማን ሆኖ ነው?

እዚህ ላይ ግንበኛውን መንገድ ላይ እናቁመውና ትንሽ ወደ ኋላ እንመለስ፤ የጠቡ ሥር ሩቅ ነውና።

እንግሊዞች የገቢ ግብርን የጀመሩት ከፈረንሳይ ጋር በገጠሙት ጦርነት ጭንቅ ውስጥ ሆነው ነው። ካዝናው ሲራቆት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዊልያም ፒት ከ1799 ጀምሮ በዓመት ከ200 ፓውንድ በላይ የሚያገኝ ሰው ከመቶ አሥር እንዲያስገባ አደረገ። ባለ ሀብቱ ጮኸ። በ1802 ሰላም ወረደ ተብሎ ግብሩ ተነሳ፤ በዓመቱ ጦርነቱ ሲያገረሽ በአዲንግተን እጅ ተመለሰ። ናፖሊዮን ዋተርሎ ላይ ተሸንፎ ነገሩ ከበረደ በኋላ፣ በ1816፣ ፓርላማው ግብሩን ዳግመኛ ሻረው፤ መሻር ብቻ አልበቃ ብሎት የግብሩ ወረቀት ሁሉ እንዲጠፋ አዘዘ። እስቲ አስቡት፣ እንዲህ የተጠላ ነገር! በ1842 ሮበርት ፒል «ለጊዜው ብቻ» ብሎ መልሶ አመጣው። ያ «ለጊዜው» እስከ ዛሬ አላለቀም። በሕጋቸው የገቢ ግብር ዛሬም ጊዜያዊ ነው፤ በየዓመቱ ኤፕሪል 5 ቀን ይሞታል፤ ፓርላማውም በየዓመቱ ከሞት ያስነሳዋል።

በ1803 አዲንግተን ግብሩን ሲመልሰው ገቢን በየዓይነቱ ለይቶ በሠንጠረዥ ከፋፈለው፤ የንግድና የሙያ ሥራ ሠንጠረዥ «ዲ» ላይ ዋለ። ይህ አከፋፈል ለእኛም እንግዳ አይደለም። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979ም ደመወዝን በሠንጠረዥ «ሀ»፣ የቤት ኪራይን በሠንጠረዥ «ለ»፣ የንግድ ሥራን በሠንጠረዥ «ሐ» አስቀምጧል። ወደ እንግሊዞቹ ስንመለስ፣ ለራሱ የሚሠራ ሰው ከገቢው ላይ የሚቀንሰው ወጪ አንድ ጥብቅ በር ማለፍ አለበት። ወጪው ሙሉ በሙሉ ለሥራው፣ ለሥራውም ብቻ የወጣ መሆን አለበት። ግማሹ ለሥራው ግማሹ ለሰውየው ከሆነ፣ ሁለቱም ካልተለያዩ፣ በሩ ይዘጋል። ሙያተኛ ሁሉ ሁለት መቶ ዓመት ግድም ግንባሩን ሲገጭ የኖረው በዚህ በር ነው።

አሁን ደግሞ አንድ ዳኛ ላስተዋውቃችሁ። ቶም ዴኒንግ ይባላሉ፤ በኋላ ሎርድ ዴኒንግ ተብለዋል። በ1899 ዊትቸርች በምትባል የገጠር ከተማ ተወለዱ፤ አባታቸው ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ። መቶ ዓመት ኖረው በ1999 አረፉ። የአገራቸውን የገጠር አነጋገር እስከ መጨረሻው አልተዉም፤ ፍርዳቸውንም እንደ ወግ ነበር የሚጽፉት፤ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ሰው ያለበት፣ ቦታ ያለበት። እኔ የሕግ ሰው አይደለሁም፤ የእሳቸውን ፍርድ ግን ማንበብ አይከብደኝም። የብዙ ዳኞች ጽሑፍ ግን እንደ ጭቃ መንገድ ነው።

በ1952 ዴኒንግ ፊት አንድ ጠበቃ ቀረበ። ጠበቃው ቢሮው ለንደን፣ ሊንከንስ ኢን ነው፤ የሚኖረው ግን ከከተማው ርቆ ዊፕስኔድ በምትባል መንደር ነው። ማታ ማታ ቤቱ የሕግ መጻሕፍቱን ዘርግቶ ይሠራል፤ ፍርድ ቤት በሚዘጋበት ወራትማ አብዛኛው ሥራው እዚያው ነው። «እንግዲህ ቤቴም የሥራ ቦታዬ ነው፤ በሁለቱ መካከል የምመላለስበት ይቀነስልኝ» አለ። ዴኒንግና ባልደረቦቻቸው አልተቀበሉትም። የዴኒንግ ሐሳብ ባጭሩ ይህን ይመስላል። ድሮ ባለ ሱቁ ከሱቁ በላይ ያድር ነበር፤ የኑሮና የሥራ ቦታ አንድ ነበር። ዛሬ ሰው ርቆ መኖር ጀመረ። የመንገዱን ወጪ ለማወቅ የሥራው መነሻ የት ነው ብሎ መጠየቅ ነው። የባለ ሱቅ መነሻው ሱቁ ነው፤ የጠበቃ መነሻው ቢሮው ነው። ከዚያ ርቆ መኖር የራሱ ምርጫ ከሆነ መንገዱ የኑሮው ወጪ ነው፤ ጠበቃው የሚመላለሰው መንደሩ ስለሚያምረው እንጂ ሥራው ስላዘዘው አይደለም።

ይህ ፍርድ ወጥቶ ሃያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው ነው ግንበኛችን የመጣው። አሁን መንገድ ላይ ካቆምንበት እናንሳው።

ነገሩ ከታች ተነስቶ፣ በከፍተኛው ፍርድ ቤት አልፎ፣ በ1971 ይግባኝ ሰሚው ዘንድ ደረሰ። እዚያ የሚመሩት ማን ቢሆኑ ጥሩ ነው? እኚያው ዴኒንግ። ግብር አስገቢው የ1952ቱን ፍርድ ይዞ ቀረበ። «ጌታዬ፣ እርስዎ ራስዎ ጠበቃውን ከልክለዋል፤ ግንበኛውስ ከጠበቃው በምን ይለያል?»

የሚለየው የሥራው መነሻ ሲጠየቅ ነው። ጠበቃው ሊንከንስ ኢን የሚባል መነሻ ነበረው። ግንበኛው ግን ከቤቱ ሌላ ምን አለው? የዛሬው የግንባታ ቦታ በሚቀጥለው ወር ያለቀለት ቤት ይሆናል፤ መጋረጃ ይሰቀልበታል፤ ግንበኛው ዞር ብሎም አያየው። ውሉ የተዋዋለው ቤቱ፣ መሣሪያው ያደረው ቤቱ፣ ሂሳቡ የተጻፈው ቤቱ ነው። ዴኒንግና ባልደረቦቻቸው ቤቱን የሥራው ማዕከል አድርገው ተቀበሉት፤ ሥራው ከዚያ ተነስቶ ወደየአቅጣጫው ይዘረጋል። ስለዚህ ግንበኛው ጠዋት መኪናውን አስነስቶ ከደጁ ሲወጣ ወደ ሥራ እየሄደ አልነበረም፤ ሥራ ላይ ነበር። ቤንዚኑ ተቀነሰለት።

እኔ በዚህ ፍርድ የምደሰተው ግንበኛው ስላሸነፈ ብቻ አይደለም። ሕጉ ሳይለወጥ፣ ያው ጥያቄ ለመጻሕፍት ሰውየው «የለም» ብሎ ለጡብ ሰውየው «አዎ» ማለቱ ደስ ይለኛል። አብዛኛውን ጊዜ ተቃራኒው ነውና።

ታዲያ ይህን የሰማ ሙያተኛ ሁሉ ልቡ ቢሞላ አይፈረድበትም። ከእነዚህ አንዱ አናጢ ነበር።

አናጢውም እንደ ግንበኛው ለራሱ የሚሠራ ነው፤ ከቤቱ እስከ 40 ማይል ዙሪያ ባሉ የግንባታ ቦታዎች እየዞረ በር ይገጥማል፣ ጣሪያ ያዋቅራል። የእሱ ጥያቄ መኪና አልነበረም። ምሳ ነበር! ሂሳቡን እንዲህ አቀረበ፦ ቤቴ ብበላ ምሳዬ 10 ፔንስ ያወጣኝ ነበር። ሥራ ቦታ አጠገብ ስበላ 40 ፔንስ ያስወጣኛል። ሠላሳውን ያስወጣኝ ሥራው ነው፤ ሠላሳው ይቀነስልኝ።

ልብ በሉ፣ ሰውየው ስግብግብ አይደለም። ምሳዬን በሙሉ አላለም። ቤቴ ብሆንም መብላቴ አይቀርም፤ አሥሯ ፔንስ የእኔ ናት ብሎ አስቀድሞ አምኗል። የጠየቀው ሥራው የጨመረበትን ነው። ጉዳዩን መጀመሪያ ያዩት የአካባቢው ኮሚሽነሮች ነበሩ። እነዚህ ሰዎች ዳኞች አልነበሩም፤ ደመወዝም አይከፈላቸውም ነበር። ከ1799 ጀምሮ በየአካባቢው እየተመረጡ በግብር ጠብ የሚዳኙ ተራ ሰዎች ነበሩ፤ በእኛ አገር ሽማግሌ እንደምንለው። እነሱም አናጢውን ሰሙና «እውነቱን ነው» አሉ። ሽማግሌ እኮ እንደዚህ ነው፤ የተራበ ሰው ሲያይ ይገባዋል።

ግብር አስገቢው ግን ይግባኝ አለ። በ1975 ነገሩ ዳኛ ቴምፕልማን ዘንድ ቀረበ።

ቴምፕልማን ስለታም ሰው ነበሩ። ጥያቄውን አዟዟሩትና እንዲህ ያዙት፦ ይህ አናጢ የሚበላው ለምንድን ነው? ለመሥራት ነው ወይስ ለመኖር? ማንም ሰው ለመኖር ይበላል። ጠረጴዛው ላይ የቀረበውን ሳህን ለሁለት ከፍሎ፣ «ይሄኛው ጉርሻ የአናጢው ነው፣ ያኛው የሰውየው ነው» ማለት አይቻልም። ሁለቱም በአንድ ጉሮሮ ይወርዳሉ። በሩ ተዘጋ፤ ሠላሳዋ ፔንስ ቀረች።

እዚያው ፍርድ ውስጥ ቴምፕልማን አንድ ምሳሌ አመጡ። በሉዊስ ካሮል የአሊስ ታሪክ ውስጥ አንድ እብድ ባርኔጣ ሰሪ አለ፤ የሻይ ግብዣው አያልቅም። አንድ ተዋናይ ያንን ትዕይንት መድረክ ላይ ሲጫወት ሻይ ይጠጣል እንበል። ጥሙ ቢቆረጥለትም ሻዩ የሥራው ነው፤ የጥሙ መቆረጥ እግረ መንገዱን የመጣ ነው፤ ስለዚህ ይቀነስለታል። እንዲህ ብለው ነው አናጢውን የመለሱት። ምሳውን እንደ ተውኔት ቢበላው ይቀነስለት ነበር፤ እንደ ራበው ሰው በላውና ተከለከለ።

ደግሞ ሌላም ነገር አሉ፤ ለሙያተኛ እስከ ዛሬ የሚጠቅመው ይሄኛው ነው። ቤትህን በከፊል ቢሮ ብታደርገው፣ ክፍሉ ለሥራ ብቻ የዋለበት ሰዓት ተሰልቶ ወጪው ሊቀነስ ይችላል። መኪናህም እንዲሁ፤ ለሥራ የነዳኸውና ለሽርሽር የነዳኸው ኪሎ ሜትር ይለያል። ቤት በሰዓት ይከፈላል፣ መኪና በመንገድ ይከፈላል፤ ሆድ ግን በምንም አይከፈልም። የሥራ መከላከያ ልብስም እንዲሁ ያልፋል፤ ቢያሞቅህም፣ ገላህን ቢሸፍንልህም፣ ዋናው ዓላማው መከላከል ነውና።

የዳኛው አመክንዮ ገብቶኛል፤ ልቤ ግን ከአናጢው ጋር ነው። ቀኑን ሙሉ ሳንቃ ሲሸከም፣ መላጊያ ሲገፋ፣ በጣሪያ ላይ በንፋስ ሲመታ የዋለ ሰው ረሃብ፣ ወንበር ላይ ከዋለ ሰው ረሃብ ጋር እኩል ነው? በላባችን እንድንበላ ተፈርዶብናል፤ ላቡ ግን እኩል አልተከፋፈለም። እርግጥ ነው፣ ቴምፕልማን በሩን ቢከፍቱት ኖሮ በማግሥቱ አገሩ ሁሉ፣ ጠበቃውም፣ ነጋዴውም፣ ደላላውም የምሳ ደረሰኙን ይዞ ይሰለፍ ነበር። ምናልባት ያሰጋቸው የአናጢው ሠላሳ ፔንስ ሳይሆን ከኋላው የተሰለፈው ሆድ ነበር። ይህን እሳቸው አላሉም፤ ግምቱ የእኔ ነው።

ከዚህ በፊትም በዚህ በር የተመለሱ ነበሩ። በቀን ንድፍ ሠሪ፣ በማታ ጊታር መቺ የሆነ አንድ ሰው ጣቱ ተጎድቶ ቀዶ ሕክምና አደረገ፤ ጊታር ለመምታት ስል ነው ብሎ ወጪው እንዲቀነስለት ጠየቀ። ጊታሩን ለገንዘብም ለደስታውም ይመታ ስለነበር በ1970 ተሸነፈ።

ከሁሉ የተሰማው ግን የልብስ ነገር ነው፤ ለዚያ ወደ ጠበቆቹ እንመለስ። አን ማላሊው ወጣት ጠበቃ ነበረች፤ በኋላ የሎርዶች ምክር ቤት አባል ሆናለች። በእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሴት ጠበቃ ከካባዋ ሥር ጥቁር ወይም ጠቆር ያለ ልብስ እንድትለብስ ሥርዓቱ ያዝ ነበር። ማላሊው ጥቁር አትወድም፤ ከፍርድ ቤት ውጭ አትለብሰውም፤ ቁም ሣጥኗ በቀለም የተሞላ ነው። «እነዚህን ጥቁር ልብሶች የገዛሁት ለፍርድ ቤት ብቻ ነው» ብላ የመግዣቸውንና የማጠቢያቸውን ወጪ ለማስቀነስ ጠየቀች። ኮሚሽነሮቹ እምቢ አሏት። ከፍተኛው ፍርድ ቤት ፈቀደላት፤ ይግባኝ ሰሚውም ፈቀደላት። በ1983 ነገሩ የያኔው የመጨረሻ ዳኝነት፣ የሎርዶች ምክር ቤት፣ ደረሰ። እዚያ ከአምስቱ አራቱ ተቃወሟት። ዋናውን ፍርድ የጻፉት ሎርድ ብራይትማን፣ ጠዋት ስትለብስ በሐሳቧ ሥራዋ ብቻ እንደነበረ አመኑላት። ግን አሉ፣ ሳታስበውም ቢሆን፣ ሰው ናትና ራቁቷን መሄድ አትችልም፤ ልብሱ ያንንም ጉዳይ ፈጽሟል። በሐሳቧ ያልነበረ ዓላማ ተቆጠረባት! ሎርድ ኤልዊን ጆንስ ብቻቸውን ተለዩ።

ይህ ፍርድ የወደቀው በጠበቃዋ ላይ ብቻ አይደለም። ዛሬ በእንግሊዝ አገር ግድግዳ የሚለስን ሰው ጂንስ ሱሪው በኖራ ደርቆ ቢቆምም፣ ያንን ሱሪ ከሥራ በቀር ለብሶት ባያውቅም፣ ሱሪው አይቀነስለትም፤ ጂንስ የሰው ሁሉ ልብስ ነውና። ቱታው፣ ብረት አፍንጫ ጫማው፣ ሄልሜቱ፣ የሚያብለጨልጨው ሰደርያው ግን ያልፋሉ። የማላሊው ዊግና ካባም ያልፋሉ፤ የቀረው ከሥራቸው ያለው ጥቁር ቀሚስ ነው።

ስለ ግንባታ ሰዎች ካወራሁ አንድ ነገር መዝለል አይገባኝም። ግንበኛችን ፍርዱን ባሸነፈበት ዓመት ፓርላማው ሌላ ሕግ አወጣ። በዚያ ዘመን ብዙ የግንባታ ሙያተኞች ክፍያቸውን በጥሬው፣ በአንድ ጊዜ እየተቀበሉ፣ ለግብር አስገቢው ሳይነግሩ ይጠፉ ነበር፤ ሰዉ አሠራሩን «ላምፕ» ይለው ነበር። መንግሥት ሰውየውን ማሳደድ ስላልቻለ ገንዘቡን መንገድ ላይ ያዘው። ከ1972 ጀምሮ ተቋራጩ ለሙያተኛው ሲከፍል ከመቶ ሠላሳ እየያዘ ለግብር እንዲያስገባ ታዘዘ። ሥርዓቱ ብዙ ጊዜ ቢሻሻልም ዛሬም አለ፦ የተመዘገበ ከመቶ ሃያ፣ ያልተመዘገበ ከመቶ ሠላሳ ይያዝበታል። የሚያዘው ከእጅ ዋጋው ነው፤ ሙያተኛው ገዝቶ ያቀረበው ዕቃ አይነካም።

ለንደን ወይም ሊድስ ሄዶ በኤሌክትሪክ፣ በቧንቧ፣ በቀለም ሥራ የተሰማራ ወገናችንም የሚገናኘው ከዚሁ ጋር ነው። ከመቶ ሃያው በየክፍያው ይያዝበታል፤ ወጪውን የሚያስቀንሰው ግን ዓመቱ ካለቀ በኋላ በሚሞላው ቅጽ ነው። ብዙውን ጊዜ ተመላሽ ገንዘብ የሚወጣው ከዚያ ነው፤ የተያዘበት በእጅ ዋጋው ሁሉ ላይ ሲሆን ግብሩ የሚሰላው ወጪው ከተነሳ በኋላ ነውና። መሰርሰሪያው፣ መሰላሉ፣ የሙያ ኢንሹራንሱ፣ የስልኩ የሥራ ድርሻ፣ ሁሉም ደረሰኝ ካለው ይነሳለታል። ለመኪናው ቤንዚንና ጎማ ሲቆጥር ከመክረም በማይል መቁጠርም ይችላል፤ ከ2011 ጀምሮ ለዓመታት ለመጀመሪያዎቹ 10,000 ማይሎች 45 ፔንስ፣ ከዚያ በላይ ላለው 25 ፔንስ ሲሰላ ኖሯል። ቅጹን በኢንተርኔት ለሚሞላ የመጨረሻው ቀን ጃንዋሪ 31 ነው። ደረሰኙን ከዚያ ቀን በኋላም አምስት ዓመት ማቆየት አለበት፤ እዚህ ላይ ነው ብዙ ጎበዝ ሙያተኛ የሚሸነፈው፤ እጁ ወርቅ ነው፤ ደረሰኙ ግን መኪናው ወለል ላይ ተረግጦ ያልቃል።

የግብር ዓመታቸው ለምን ኤፕሪል 5 እንደሚያልቅ ልንገራችሁ፤ በዘመን አቆጣጠር የሚሾፍብን እኛ ብቻ እንዳይመስለን። ድሮ የእንግሊዞች ዓመት የሚጀምረው በማርያም ብሥራት በዓላቸው፣ ማርች 25 ቀን ነበር፤ ኪራይና ሂሳብም የሚዘጋው በዚያው። በ1752 የዘመን አቆጣጠራቸውን ሲለውጡ አሥራ አንድ ቀን ከካሌንደሩ ላይ ቆረጡ። የገንዘብ ሰዎች ግን አሥራ አንድ ቀናችንን አንሰጥም ብለው የሂሳቡን ቀን ወደፊት ገፉት። የዛሬው ቀን የዚያ ውርስ ነው።

ወደ አገራችን አናጢ ብንሄድስ? የ979 አዋጅ ለንግድ ሥራ ገቢ የሚፈቅደው ገቢውን ለማግኘት፣ ለማስጠበቅና ለማስቀጠል የወጣውን አስፈላጊ ወጪ ነው፤ ሂሳብ ለሚይዝ ሰው መከራከሪያ የሚሆን ሐሳብ አለው። በግምት በሚሰላ ቁርጥ ግብር የሚዳኘው ትንሹ አናጢ ግን ይህ ክርክር ጭራሽ አይደርሰውም። ምሳህ ስንት ነው፣ ሚስማርህ ስንት ነው ብሎ የሚጠይቀው የለም፤ ምሳውም፣ ሚስማሩም፣ የሱቅ ኪራዩም በግምቱ ውስጥ አብረው ተውጠዋል። ግምቱ ትክክል ከሆነ ከወረቀት ጣጣ ይገላግላል። ከበዛበት ደግሞ በደረሰኝ መከራከር ይከብደዋል፤ ደረሰኝ ያዝ ያለው የለማ።

አሁን አናጢው ከተሸነፈ በኋላ የሆነውን ልንገራችሁና ልጨርስ። በ2009 የእንግሊዝ ፓርላማ ለራሱ በሚሠራ ሰው ምግብ ላይ አዲስ አንቀጽ ጨመረ። የሚገርመው፣ እነዚያ አናጢውን «እውነቱን ነው» ያሉት ያለ ደመወዝ የሚዳኙ ኮሚሽነሮችም በዚያው ዓመት ነው ሥራቸው ያበቃው፤ በመደበኛ ትሪቡናል ተተኩ። አዲሱ አንቀጽ ሆድን ልክፈል ብሎ አልሞከረም፤ ቴምፕልማንንም አልነካቸውም። ከመንገድ ጀመረ። ጉዞህ ራሱ ለሥራ ተብሎ የሚቀነስልህ ከሆነ፣ ሥራህም በባሕርዩ ከቦታ ቦታ የሚያዞር ከሆነ፣ ወይም ደግሞ ጉዞው አልፎ አልፎ ብቻ የሚያጋጥም ከሆነ፣ በዚያ ጉዞ ላይ የበላኸው መጠነኛ ምግብ አብሮ ይቀነስልሃል። እንግዲህ በ1971 በግንበኛው መንገድ የተከፈተው በር ከሠላሳ ስምንት ዓመት በኋላ ምሳውንም አሳለፈ። ዛሬ እንደዚያ አናጢ ከግንባታ ቦታ ወደ ግንባታ ቦታ የሚዞር ሰው፣ መነሻው ቤቱ መሆኑን ካስረዳና ደረሰኙን ከያዘ፣ ሠላሳውን ትቶ አርባውንም ፔንስ ሊጠይቅ ይችላል። የራሱ ወርክሾፕ ኖሮት ቀኑን ሙሉ ከመሰንጠቂያ ማሽኑ ጎን የሚውል አናጢ ግን መንገድ ስለሌለው፣ ምሳውን ዛሬም ከራሱ ኪስ ይበላል።